ከማሪሴል ስም በላይ

ፊሊፒንስ ላለኸው ወንድሜ ለጋሼ ሕዝቅያስ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ ታቦር ሰፈር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ጡረታህ ለቤት ኪራይም ለመድኃኒትም እንደሚበቃህ፣ የጤና መድን እንደገባህም ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሆስፒታሉ «የቅርብ ሰው ማን ይጠራ?» ሲልህ የአከራይህን የማሪሴልን ስም ማስጻፍህን ግን አልወደድኩትም። እዚህ ሐዋሳ ስትተኛ ሳምንት ሙሉ አጠገብህ ወንበር ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ! «ሾርባዋ ይጣፍጣል» ብለሃል፤ ለመሆኑ ጨው ትቀንስልሃለች? ራስ ምታት ነው ያልከኝ፤ እዚያ አገር ለራስ ምታት ሦስት ቀን ያስተኛሉ እንዴ?

ስልኬን ከአሁን ወዲያ ጸሎት ቤትም አላጠፋውም። ከስሟ በላይ ባዶ መስመር ካለ ቁጥሬን አስጽፍ፤ ከሌለም ከሥሯ ይሁን።

ደህንነትህን የምትናፍቅ እህትህ፣
ሩሐማ