ባለ ሦስት እግሩ የአርሎ ፈረስ

ለምወድሽ እህቴ ለማርጎ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ የሃሊፋክስ ጉም አሁንም ደረትሽን እንደያዘው ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አብራሽ የምትኖረው ሱኒታ ደህና ናት? ድመቷስ? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ግን እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ እኔም ከትምህርት ቤት አልቀረሁም።

በረዶው ቀልጦ አልቋል። አባዬ ግቢ የሚያስተካክሉ ሰዎች ቀጥሮ ነበር፤ ሐሙስ መጥተው የደረቀውን ሳር ሊጭሩ፣ ውርጭ ያሳበጠውን መሬት በመዳመጫ ሊያስተኙት። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ግቢውን ማጽዳት የእኛ ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የውሃ ጎማውን መጠቅለል፣ የውሻችንን የሙፊንን ቆሻሻ መልቀም፣ ማሽን የሚሰብር ነገር ሳር ውስጥ አለመተው። ሌላ ጊዜ ከታናሻችን ከአርሎ ጋር ነበር የምንሠራው፤ እሱ ከሚለቅመው የሚጥለው ይበልጥ ነበር። ዘንድሮ ለብቻዬ ገባሁበት።

መጀመሪያ አንበሳው ወጣ። ባለፈው መስከረም አርሎ የላስቲክ እንስሶቹን ጓሮ ውስጥ ቀብሯቸው ነበር። «ድብ ብርዱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ከሆነ የኔዎቹ ምን በወጣቸው ይንቀጠቀጣሉ? በረዶው ሲሄድ ራሳቸው ይነሳሉ» ይል ነበር። በረዶው ሲሄድ ግን እሱ ራሱ አልነበረም። በማግስቱ ቀጭኔዋ ወጣች፣ ከዚያ አዞው። የማይገባኝ ነገር፣ የሚወጡት አንድ ቀን ቀደም ብዬ ጭሬ በጨረስኩበት ቦታ ላይ ነው። ደግሞም ሁሉም ፊታቸው ወደ ኩሽናው መስኮት ነው። ሙፊን ጓሮ አልገባም ብላ በሩ ላይ ትተኛለች።

ጎረቤታችን ሚስተር ሃልቮርሰን በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሳቁብኝ። «ምን አፍጥጠህ ትቆማለህ ኔልስ! ውርጩ ነው። በየዓመቱ የተቀበረውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እኔ ግቢ ድንጋይ ይወጣል፤ እናንተ ጌቶች ናችሁ፣ አንበሳ ይወጣላችኋል!» አሉኝ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ እንደነበር ሁለታችንም አላየንም። «የተቀበረውን ሁሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ፊታቸው ቀላ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ እንስሶቹን እያጠበች መስኮቱ ላይ ትደረድራቸው ጀመር። የጓሮውን ቁልፍ ኪሷ ከተተችው። «የቀረው ፈረሱ ነው፤ እሱ ሳይወጣ መዳመጫ እዚህ መሬት ላይ አያልፍም። ላዩ ላይ ሊጫኑት?» አለች። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን፣ «አንቺ ሴት፣ ላስቲክ ነው እኮ! ሰዎቹን ምን ልበላቸው?» ብሎ ጮኸ። እሷ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ምግብ ስናቀርብላት፣ «ቆይ፣ ይምጣ» ትላለች።

እኔ ግን ፈረሱ የት እንዳለ አውቅ ነበር። የቀብሩ ዕለት ፈረሱን ከአርሎ ትራስ ስር አውጥተሽ ጥቁሩ ኮትሽ ኪስ ውስጥ ስትከቺው በበሩ ስንጥቅ አይቼሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማስታወሻ ይሁናት ብዬ ነው። እማዬ ግን ሃሊፋክስ ያለውን ፈረስ እዚህ ከሙስ ጆ ጓሯችን መሬት ስትጠብቅ በረሃብ ልታልቅብን ነበር። በፖስታ ላኪልኝ ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጎማውን ጠቅልዬ ጋራዥ አስገባሁና ተመለስኩ። ሳሩ መሀል ፈረሱ ቆሟል። ጭቃ የለበትም። ሙፊን ያኘከችው የኋላ እግሩ እንደጎደለ ነው፤ ያም ሆኖ አልወደቀም። እጄን ልሰድለት አልደፈርኩም። እማዬ ካልሲዋን እንዳደረገች እርጥቡ ሳር ላይ ወጣች፣ አነሳችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «ሁሉም ወጡ በቃ» አለችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። እጇ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሰዎቹ መጡ። አንዱ ግቢውን ዞሮ አይቶ፣ «አንተ ጎረምሳ፣ ይሄን ያህል ያጸዳኸው እኛን ሥራ ልታስፈታ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። መዳመጫው ሲያልፍ እማዬ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ሾርባዋን ጠጣች፣ ደግማም አስቀዳች። አባዬ ማንኪያውን እንደያዘ ያያት ነበር። «ፈረሱን አንተ ነህ ያመጣኸው?» ብዬ በኋላ ብጠይቀው፣ «እኔማ አንተ መስለኸኝ» አለኝ።

አባዬ «ናፍቃኛለች በላት» ብሎኛል፤ አሁንም ግራ እንደገባው ነው። እማዬ ሹራብሽን ሳትለብሺ እንዳትወጪ ትልሻለች። ሚስተር ሃልቮርሰን ሰላም ብለውሻል፤ ሙፊንም ዛሬ ጓሮ ገብታለች። ሱኒታን ሰላም በይልኝ፣ ድመቷን ጆሮዋን እከኪልኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ጥቁሩን ኮትሽን አውጪና ኪሱን እዪ። ፈረሱ እዚያ ካለ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ከሌለ ግን ለእኔም እንዳትነግሪኝ።

ወንድምሽ ኔልስ
ሙስ ጆ፣ ሳስካችዋን
ኤፕሪል 28