ዲግሪ ስለሌለው እጩ አማች ጉዳይ

ለተከበሩ ኦቦ ሌንጂሳ፣ በጡረታ ላሉ ርእሰ መምህር፣ ለእድራችን ሰብሳቢና እግዚአብሔር ከፈቀደ ለወደፊት አማቴ፤
አምቦ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም እኔን በማጣራት ለደከሙት ዓይኖችዎ። እኔ ሮብሳን፣ ልጅዎን መቲን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለቴም እናስብበት የተባልኩት ሰው ነኝ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ሽምግልና በመጪው እሑድ ስለሆነ፣ በሽማግሌ አፍ ለመናገር የሚከብደውን በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በአክብሮት ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በወጉ ሽማግሌ ሲመጣ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። እርስዎ ግን ከአያቶቼ በፊት ዲግሪዬን ጠየቁ። እህል ነጋዴው ሽማግሌዬ ጋሽ ሀብተሥላሴም ስለ ሥራዬ ሲጠየቁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንደምቀመጥና ብር በባንክ እንደሚገባልኝ በቅንነት አስረዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አጭበርባሪ ሆኜ ቀረሁ። ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር እንደምሠራ፣ ሙያውንም ባኮ ከተማ ስልክ እየጠገንኩ ከኢንተርኔት እንደተማርኩ እኔን የጠየቀኝ የለም። ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ አመሰግናለሁ።

፪. በዚያው ሳምንት የወይዘሮ ብርቅነሽ በርጩማ ከሱቃቸው በር ተነሥቶ ከመስኮቴ ትይዩ ተቀመጠ። ጥላ ፍለጋ ነው ይላሉ፤ እኔ እንደማውቀው ግን ፀሐዩ ያለው እዚህ ነው።

፫. የወንድምዎ ልጅ ጅሩ ስልኬ ተበላሸ ብሎ መጣ። ስልኩ ጤነኛ ነበር። ሻይ ጠጥቶ ሲያበቃ የሰው ሞባይል ባንኪንግ መክፈት እችል እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቀኝ። እንደማልችል፣ ብችልም እንደማላደርገው ስነግረው ቅር ብሎት ሄደ። ፈተና ከነበረ ውጤቱ እስካሁን አልተለጠፈም፤ ውጤት ሲዘገይ ተማሪ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

፬. ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈገግ ብለው አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ማለትዎ፣ አልፎም የእናቴን ጤና መጠየቅዎ ነው። ያለ ነገር አይደለም አልኩ። ማምሻውን አንድ ባለ ማስተርስ ከአዲስ ዓለም ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰማሁ። ለካ ፈገግታው የስንብት ኖሯል።

ኦቦ ሌንጂሳ፣ ቀልዱን ልተወው። መቲን እወዳታለሁ። እሑድ እምቢ ካሉ አራተኛ ሽማግሌ መላክ ወግ አይደለም፤ ይህን እያሰብኩ ሥራዬን መሥራት አቅቶኛል።

ጥርጣሬዎ ሳይጎድል ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በመስኮት ለሚከታተሉኝም ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሮብሳን አያና
የትምህርት ደረጃ፦ እየተጣራ ያለ

ይህም ይታከልልኝ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለመቲ አሳይቻት ነበር፤ የሚከተለውን በራሷ እጅ ጨመረችበት።

አባዬ፣ ለትዳሩ ዲግሪ የግድ ከሆነ፣ ሳሎን የሰቀልከው የእኔ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ለሁለታችን ይበቃል። እሱም ቢሆን ከተሰቀለ ወዲህ ሥራ አላገኘም።