ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ብዕሩን የያዘችው አስካለ ናት፣ ሚስቴ። ቃሉ የኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ቀበሌ እየሄደች ተማረች፤ እኔ ሱቅ ነበረኝ፣ ጊዜ አልነበረኝም። ይቆጨዋል ብለሽ እንዳትጽፊ አልኳት። አልጻፍኩም አለች። መጻፍ አለመጻፏን በምን አውቃለሁ።

የሚጻፈው ቀኑ እየተምታታብኝ ስለሆነ ነው። ዓይን ሲደክም ማክሰኞው ከረቡዕ አይለይም።

ዛሬ ከዘነበወርቅ ሆስፒታል ተመለስን። የግራ ዓይኔ አልቋል፤ ይህን ከእነሱ በፊት አውቀዋለሁ። ቀኙም ግፊት አለው፣ ጠብታውን ሳያቋርጡ ያድርጉ፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ነው አለኝ ሐኪሙ። እስከ መቼ ታቆዩታላችሁ ብዬ ጠየቅኩት። የማዘዣ ወረቀቱን ለአስካለ ሰጣት። ጨዋ ልጅ ነው።

ያለን አንድ ልጅ ደረጀ ነው። መርከበኛ ነው፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ባሕር ላይ ሲሆን ድምፁ የለም። ወደብ ሲደርሱ በኮምፒውተሩ ይደውላል፣ ፊቱም አብሮ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ባለፈው ለዕረፍት ሲመጣ ያመጣልን ለዚሁ ነው፤ በእጅ ስልክ ፊቱ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው የሚሆንብኝ።

ባለፈው ሲደውል አስካለ ስለ ዓይኔ ነገረችው። ሳታማክረኝ። እሱም ውሌ እያለቀ ነው፣ የሚቀጥለው ወደብ ላይ አዲስ ውል ይሰጡኛል፣ የአባዬን ሁኔታ አይቼ ነው የምፈርመው፣ ከባሰባቸው ትቼ እመጣለሁ አለ።

እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ፊቱን ሳላይ መጨለም አልፈልግም። ና ግን አልለውም። ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ከወለድኩት አልጀምርም። አስካለ እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ችግሩ እንዲህ ነው። አስካለ ቀን ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ቤት የምውለው እኔ ነኝ። ልጁ የሚደውልበት ነገር ካልተከፈተ አይጠራም። መክፈቻው ሰማያዊ ክብ ነው፣ ውስጡ ነጭ የወረቀት አውሮፕላን አለበት። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ተራራና ሐይቅ ተስሏል፤ በላዩ ጥቃቅን ሥዕል እንደ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሰማያዊው ክብ ሐይቁ ውስጥ ይገባና ይጠፋብኛል። ዛሬ ስፈልገው ዋልኩ። አስካለም አልረዳችኝም። እኔ የተማርኩት ሀ ሁ ነው፣ ይሄ የፈረንጅ ነው አለች።

ሐሙስ

ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ አየር ጤና ወሰድኩት። ጋራዦቹ መሐል ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ አለች፣ ሃያት ትባላለች።

ምን ሆነብዎት አባባ አለችኝ።

ደህና ነው፣ አልተበላሸም፤ ሱቅ ነው የምታደራጂልኝ አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እዚሁ አየር ጤና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እንደነበረኝ ነገርኳት። ስም ተጽፎበት የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረኝም። ቦታውን ነው የማውቀው። መብራት ጠፍቶ ደንበኛ ሲመጣ ሚስማሩን ከየቁጥሩ በእጄ ለይቼ እሰጥ ነበር። ልጅቱ ገባት። እንግዲያው የሚወዷቸውን ይንገሩኝ፣ እነሱን ብቻ ፊት ለፊት አወጣለሁ፣ ሌላውን እደብቃለሁ አለች።

የምወደው አንድ ነው፣ የቀሩት ጎረቤት ናቸው አልኳት።

ጎረቤቶቹ ሦስት ሆኑ። ራዲዮው፣ መዝሙሩ፣ የደረጀ ፎቶዎች። ትልቅ አድርጊያቸው አልኳት። አደረገች። ጨምሪ። ጨመረች። አባባ ከዚህ በላይ ከሆነ የሻይ ትሪ ሊያክል ነው አለች። ያክል አልኩ። ተራራውንና ሐይቁን አንሺ፣ ጥቁር አድርጊው አልኳት።

“ለቅሶ ቤት ይመስላል እኮ አባባ።”

“ለቅሶ ቤት ሰው አይጠፋም። አጥቁሪው።”

ሰማያዊውን ክብ ላይኛው ግራ ጥግ አስቀመጠችው፣ የቀሩትን በየጥጋቸው። ጥግ አይጠፋም። ማውሱን እስኪቆም መግፋት፣ ከዚያ የአውራ ጣት ያህል መመለስ፣ ሁለቴ ጠቅ። ሥዕል እንዴት ተጭኖ እየተጎተተ ቦታ እንደሚቀይርም አሳየችኝ፣ እኔ ካላሳየሽኝ አልሄድም ብዬ። መሐል ላይ አንዲት የቅርጫት ሥዕል ቀርታ ነበር። እኔ ምን እንደሆነች አልጠየቅኩም፣ እሷም አልነገረችኝ።

ዓርብ

ዛሬ ሰው ሆንኩ። አስካለ ከመሄዷ በፊት ዓይኔን በነጠላዋ ሸፍና ፈተነችኝ። እስኪ ክፈተው አለች። ገፋሁ፣ ቆመ፣ መለስ አደረግኩ፣ ሁለቴ። ተከፈተ። ወይ አንተ ሰውዬ አለች። ይህንን አሳምረሽ ጻፊ።

ራዲዮውን ከፈትኩ። መዝሙሩን ከፈትኩ። ፎቶዎቹንም ከፈትኩ፤ ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም፣ መክፈቱን ግን ከፈትኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ከጥግ ጥግ መንገዱ ረጅም ነው፣ ደወል ደግሞ አይጠብቅም። ሱቄ በር አጠገብ አንድ ቅርጫት ነበረችኝ። ሰው ቶሎ ቶሎ የሚጠይቀው ዕቃ፣ አምፖሉ፣ የቧንቧ ላስቲኩ፣ ሚስማሩ፣ እዚያች ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ ሳልነሳ አንስቼ እሰጣለሁ። አየር ጤና ያለ ነጋዴ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እዚህም ቅርጫቷ መሐል ላይ አለች፣ ለእጅ ትቀርባለች። ተጭኜ እየጎተትኩ አራቱንም አንድ በአንድ አስገባኋቸው። እሺ ብለው ገቡ። ሃያት ያላሰበችውን አሰብኩ ብዬ ኮራሁ። የልጁ መጥሪያ ተከፍቶ ነበር፣ እንደተከፈተ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ መድኃኔዓለም

አስካለ ቀራንዮ ለመሳለም በጠዋት ወጣች። ብቻዬን ነበርኩ።

ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። የዚህ ኮምፒውተር ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ አስነሳሁት። ጥቁር ነው። ቅርጫቷ ብቻ ናት ያለችው። ጥሩ አልኩ። ሁለቴ ነካኋት፣ ነጭ ነገር ተዘረጋ፣ ውስጡ ሰማያዊው አለ። ትንሽ ሆኗል ግን አለ። ሁለቴ ነካሁት። አይከፈትም። የፈረንጅ ጽሑፍ የሞላበት ወረቀት መሰል ነገር ይወጣል። ዘጋሁ፣ ነካሁ፣ ያው ወረቀት። ጥጉን ፈለግኩ፣ ገፋሁ፣ ቆመ፣ መለስ አልኩ። ጥጉ ባዶ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ተከራዮች አሉ፣ ወጣቶች ናቸው። አንዱን ብጠራ በአንድ አፍታ ያወጣልኝ ነበር። አልጠራሁም። ትናንት ራሴ ከፈትኩ ብዬ ያወራሁት ለእነሱው ነው።

አስካለ ስትመጣ እዚያው ወንበር ላይ አገኘችኝ። ቁርስ በላህ አለች። አልበላሁም። ደወለ ወይ አለች። እንጃ አልኳት። እውነቴን ነው፣ በምን አውቃለሁ። ያልተከፈተ በር ማን እንዳንኳኳው አይታወቅም።

ዛሬ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እሁድ

ደረጀ በአስካለ የእጅ ስልክ ደወለ። ከወደብ በቀጥታ በስልክ መደወል ሂሳቡ ቶሎ ስለሚያልቅ ሲጨንቀው ብቻ ነው የሚያደርገው። ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ትናንት ደጋግሜ ደወልኩ፣ የላችሁም፣ ምን ሆናችሁ አለ። ድምፁ ደንግጧል። መብራት ነበር አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ሙሉው እውነትም አይደለም።

በጥድፊያ የተናገረውን ይኸው አስጽፋለሁ። የውሉ ወረቀት እጁ ላይ ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተሩ ይደውላል። ማክሰኞ ጠዋት ፈርሞም ሆነ ሳይፈርም ወረቀቱን ይመልሳል፣ ከዚያ መርከቡ ይነሳል። “አባዬ፣ ነገ ሳላይዎት አልፈርምም” አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ኮምፒውተሩን ይዤ አየር ጤና ሄድኩ። ተዘግቷል። በሩን በእጄ ዳሰስኩት። ጓጉንቸሩ እኔ ስሸጠው የኖርኩት ዓይነት ነው፣ ከባዱ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አንዱ የታክሲ ረዳት ፋዘር ወዴት ነዎት ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ወደ ቤቴ፣ ቀራንዮ አልኩት፣ እጁንም ነጠቅኩት። የቆምኩት በሌላ ፌርማታ ነበር። እጁን ባልነጥቀው ይወስደኝ ነበር። የቀራንዮውን ፌርማታ በእግሬ ፈልጌ አገኘሁት።

አስካለ ማታ ጠብታውን ስታደርግልኝ ስለ እግዚአብሔር ልጁን ና በለው አለች። ጠብታው እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቂ አልኳት።

ሰኞ

አስካለ ዛሬ ገበያዋን ዘግታ አብራኝ ሄደች። ሃያት ቅርጫቷን ከፈተች። ከዚያ አባባ እዚህ ማን ጨመራቸው አለች። ማሽኑ ነው ልል አፌን ስከፍት አስካለ እሱ ነው አለች።

ይህ እኮ የቆሻሻ መጣያ ነው፣ እዚህ የገባ አይከፈትም አለችኝ ልጅቱ፣ ቀስ ብላ።

“ቆሻሻ ሱቅ መሐል የሚያስቀምጥ ነጋዴ አይቼ አላውቅም” አልኳት።

ሳቀች። እውነትዎን ነው፣ ስህተቱ የሠሪዎቹ ነው አለች። አራቱን አውጥታ በየጥጋቸው መለሰች። ቅርጫቷን ደበቀቻት። ይሞክሩት አለች። ገፋሁ፣ ቆመ፣ መለስ፣ ሁለቴ። ተከፈተ። አልኮራሁም።

ቤት ደርሰን ራሴ ከፈትኩትና ጠበቅን። አስካለ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ጠራ። እሷ አረንጓዴውን ነካችው፣ መጣ መጣ አለች።

ብርሃን መጣ። ብርሃኑ ይንቀሳቀሳል። ሌላ ምንም የለም። ሰማያዊው ክብ ይታየኛል፣ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ዙሪያውም ጥቁር ስለሆነ። የሰው ፊት ግን እንደዚያ አይደለም። ጠጋ አልኩ፣ አፍንጫዬ መስታወቱን ነካ። ራቅ አልኩ። ቀኙን ጨፍኜ ከፈትኩ። የልጄ ፊት የሚባል ነገር እዚያ አልነበረም።

“አባዬ፣ እታይዎታለሁ?”

“በደንብ ነው የማይህ። ይሄን ፂምህን ተላጨው፣ ባሕታዊ መስለሃል።”

ባሕር ላይ የከረመ ሰው ፂም አያጣም ብዬ ነው። ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል። እማዬ አስፈራርታኝ ነበር እኮ አለ። እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት አለ። እንግዲያው አንድ ዓመት ልጨምር፣ ከዚያ ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ ምን ይላሉ አለ።

“ፈርም” አልኩት።

አስካለ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አፏን ስትከፍት ተሰማኝና እጇን ጨበጥኩት። አጥብቄ። ደረጀ ስለ ወፍጮ ቤቱ ጠየቃት፣ መለሰችለት። ደህና ሁኑ ተባባልን። ብርሃኑ ጠፋ።

አየኸው አለችኝ። አላየሁትም አልኩ። ፊትህ እኮ ወደ ግድግዳው ነበር፣ ስትቆጣው ግድግዳውን ነበር የምትቆጣው አለች። ሳቁ ውስጥ አንድ ነገር ነበረበት፣ ሳይገባው አይቀርም አለች። ገብቶት ቢሆን ልፈርም ይል ነበር ወይ አልኳት። እሷም አታውቅም። ልጁ ከስቷል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል አለችኝ። ፂሙስ አልኳት። ፂሙ አለ አለች፣ አለቀሰች።

ስትጨርስ እንዲህ አለች። “ወረቀቱን ጠዋት ነው የሚመልሰው። አሁንም ወደብ ላይ ነው። ክፈተውና እውነቱን ንገረው፤ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ።”

አንቺ አትነግሪውም፣ የሚናገር ካለ እኔ ነኝ አልኳት።

ማውሱ እጄ ሥር ነው። ክቡ ያለበትን ሳላይ አውቃለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምርለት ነው የማላውቀው።

አስካለ፣ “እታይዎታለሁ” ካለበት ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ያልኩትን ራሴ ልስማው።