በእማማ ቀብር ላይ የታረመው ንግግር

ለወንድሜ ለዌንዴል፦

እንዴት ሰንብተሃል? የአላስካው ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ዴኒዝስ ደህና ናት? ትንሿ ፔትራ ትምህርት ጀመረች? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አባባ አልጋ ከያዙ ሁለት ወር ሆናቸው። ሐኪሙ ለገና መድረሳቸውን ይጠራጠራል። የእሳቸውን ስም ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ስለምትዘጋው ነው መጻፌ።

ዕድሜ ልካቸውን ላቲን ያስተማሩ ሰው ታመውም አልተዉትም። ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያቀርቡና፣ ነርሷ ልዩነቱን ካልነገረቻቸው ለመድኃኒቱ አፋቸውን አይከፍቱም። ልጆች ሳለን እሁድ እሁድ እኛስ የፖም ኬካችንን በምን ነበር የምናገኘው? ‘የሚታመን’ እና ‘ሁሉን አማኝ’ የሚሉትን መንትዮች አምታተህ ሳህንህ ባዶውን ተነሳ፤ እማማ ናት በጓሮ በር ደብቃ የሰጠችህ።

የቀብሩን ነገር ላንሳው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመህ የእማማ ፍቅር «ኮንቲኒዩዋል» ነበር አልክ። አባባ ከፊተኛው ወንበር ብድግ ብለው፣ «ኮንቲኒዩየስ በል። ያ እየተቋረጠ ለሚመላለስ ነው፤ ይሄ ሳይቋረጥ ለሚዘልቅ» አሉህ፣ አስከሬኗ ፊት። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንተም ወረቀትህን አጥፈህ ወጣህ፤ ይኸው አምስት ዓመት። በመቀየምህ እውነት አለህ። እኔ ግን አንሶላ ሳጥብ፣ ቁጣቸውን ስችል ከረምኩ። ኩርፊያው እንኳ ለአንተ ደረሰህ፤ ለእኔ አልተረፈኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ሾርባ ሳጠጣቸው እጄን ያዙና፣ «ልጁ ልክ ነበር» አሉኝ። የትኛው ልጅ አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

«ዌንዴል ነዋ። የእናታችሁ ፍቅር ይቋረጥ ነበር። የማቋርጠውም እኔ ነበርኩ። ያንን ሰው ፊት መስማት አቃተኝ።»

አልቅሼ ያቀፍኳቸው እንዳይመስልህ። ተናደድኩ። ለእኔ ቢሉት ምን ይረባል? ልደውልለት ብላቸው፣ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ፣ አንቺ እንዳትተነፍሺ ብለው አስማሉኝ። ትመጣለህ ብዬ ማመን ስላቃተኝ መሐላዬን አፈረስኩ። ከመጣህ እንዳልሰማ ሆነህ ስማቸው። ለቀብር ብቻ የምትመጣ ከሆነ ግን እዚያው ቅር፤ ንግግሩን እኔ አደርገዋለሁ፣ የሚያርመኝም የለም።

ዴኒዝን ሰላም በልልኝ፤ ፔትራን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን ሚስተር ሁብነር እንዴት ነህ ብሎሃል። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ መጻፌን አያውቁም።

እህትህ ሎርና
ነብራስካ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1987