ለመሪጌታ የሚሆነው ማዘርቦርድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001፤ ጠዋት 3 ሰዓት

የመሪጌታን ኮምፒውተር ፈታሁት። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይል በዝቶበት ነው። ሃርድ ዲስኩ ደህና። ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝም ስለ እሱ ነው። የኔታ፣ ማለት የዲማው የቅኔ መምህራቸው፣ በቃል የነገሯቸውን ሁሉ አራት ዓመት የተየቡት እሱ ላይ ነው። የኔታ ዘንድሮ ደክመዋል። መሪጌታ አትመው፣ ሄደው እያነበቡላቸው ሊያሳርሙ ነበር። ቶሎ በይልኝ አሉ።

ያው ቀን፤ 10 ሰዓት

አ.አ. ያለው ወንድሜ ደሳለኝ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ደወለ። ሞዴሉ አለ፤ ግን ሁለት ዓይነት። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብቻ ትለያለች። አንዱ አዲስ፣ እሽግ፣ ዋስትና ያለው። ሌላው የቀድሞው፤ አንድ ብቻ የቀረ፣ ሰው የሠራበት። አዲሱን ግዛ ልለው ነበር። ነገ ልንገርህ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለምን እንዳመነታሁ ላንተ ልጻፈው፣ ማስታወሻዬ። አዲሱ ቦርድ የድሮውን ሲስተም አይቀበልም። የመሪጌታ የግእዝ መተየቢያ ደግሞ ከድሮው ሲስተም ውጭ አይሠራም። ፋይሉን በራሴ ኮምፒውተር ከፍቼ ሞከርኩ። ቅኔ የለም። ነጥብ፣ ቅንፍ፣ የፈረንጅ ፊደል፤ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር።

አሮጌውስ? አምና ለአንድ አስተማሪ አሮጌ ቦርድ ገጠምኩለት። በሁለት ወሩ ሞተ። ሰውየው ክፉ አልተናገረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላምታው አጠረች። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

አርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ሱቅ መጡ። ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አዲሱ ይቆያል፣ ጽሑፍዎን ግን አያነብም። አሮጌው ያነባል፣ መቼ እንደሚከዳን ግን አላውቅም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ለማተም ስንት ቀን ይበቃል?»

ሁለት ቀን አልኩ።

«እንግዲያው አሮጌው ይሁን ልጄ። የኔታም አርጅተዋል፤ ዛሬ ግን አሉ።»

ለደሳለኝ ደወልኩ። አሮጌውን ግዛ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ አዎ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቦርዱ በአውቶቡስ ደረሰ። ከካርቶኑ ሳላወጣ የመጨረሻዋን ፊደል አየሁ። ትክክል። ገጠምኩ። አበራሁ። ጨለማ። የአስተማሪው ፊት መጣብኝ። ሜሞሪውን ነቅዬ፣ ጫፉን በላጲስ ጠርጌ መለስኩት። ተነሳ። የቅኔው ፊደሎች ሁሉ በየቦታቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ታትሞ አለቀ። መሪጌታ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጋቢያቸው ሥር ይዘው ወደ ዲማ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ተመለሱ። የኔታ አልጋ ላይ ሆነው ነው አሉ የሰሙት። ብዙውን ዝም ብለው አሳለፉት። አንድ ቦታ ላይ ግን እጃቸውን አነሱ። ይቺ ቃል ትላላለች እንጂ አትጠብቅም፤ ስታጠብቃት ወርቁ ይጠፋል አሉ። መሪጌታ ለተማሪዎቻቸው እያጠበቁ ሲያስተምሯት ኖረዋል። ሲነግሩኝ አፈሩም፣ ደስም አላቸው። ግማሹ ገና አልተነበበም። የኔታ ደክሟቸው፣ ሰኞ ና ብለዋቸዋል።

ቦርዱ እየሠራ ነው። እስከ መቼ፣ አላውቅም። ሳይሞት ጽሑፉ በአዲሱ የግእዝ መተየቢያ፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንደገና መተየብ አለበት አልኳቸው። ወራት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይኔ አይችልም አሉ። አዲሱን መተየቢያ አሁን መልመድም አይሆንልኝም አሉ። ብዙ ነው፣ ወራት ይፈጃል።

ወሰንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሥራ አልቀበልም። እሳቸው ከወረቀቱ ያነባሉ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን እየነገሩኝ። እኔ እተይባለሁ።