ግማሽ ላይ የቆመው አሥረኛው ትምህርት

ሐሙስ፣ ጥር ፲፬ ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለልጅ ልጄ፣ ለእንከን አለቃዬ፦

የኔ ድንቢጥ፣ እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ እኔም አንተን ማን ጠየቀህ እያልኩ እወጣለሁ። ባለፈው በቪዲዮ ሳይሽ ቆመሽ ትበዪ ነበር። ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው፤ እሱም ቢሆን ጋላቢው ሲወርድለት ነው። አንቺ ግን አለቃሽ ጀርባሽ ላይ እንዳለ ነው የምትጎርሺው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለምቀልድ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ ትንሽም ቢሆን ሰው እሆናለሁ። ጽፌ ስጨርስ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ እንዳያነበው አስጠንቅቄዋለሁ፣ ማንበቡ ግን አይቀርም።

ያ እንከን እንድለቅምበት የሰጠሽኝ አዲሱ የኮርሳችሁ ገጽ ላይ «መልስ ላክ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም ብዬሽ ነበር አይደል? ይሠራል። ገና ስነካው እንደ ተራበ ድመት ነው ሮጦ የመጣው። ዋሸሁሽ። አንቺ ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ እንከን ስትፈልጊ ቆየሽ፣ ገጹ የሚከፈትበት ቀንም ወደ ሰኞ ተገፋ፣ አለቃሽም ምናልባት የሽማግሌው ጣት ይንቀጠቀጥ ይሆናል አለ አልሽኝ። ጣቴ ደህና ነው በይው።

ለምን ዋሸህ ትይኛለሽ። ገጹ ከመከፈቱ በፊት የሙከራ አካውንቶች በሙሉ ስለሚሰረዙ ዝርዝራቸውን ላክ ብለሽኝ ነበር። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነህ ግባ ስላልሽኝ ስምንት ተማሪ ወልጃለሁ፤ «ሰነፉ» አለ፣ «ችኩሉ» አለ፣ «ሁሉን አውቃለሁ ባዩ» አለ፤ የመጨረሻውን ማንን አይቼ እንዳወጣሁት አልነግርሽም። ሰባቱን ጻፍኩልሽ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዘኝም። የእማማ ነበር።

አንቺ ፈታሹ እኔ ብቻ ይመስልሽ ነበር። እኔ ቁልፍ እየነካካሁ ይሄ ጠመመ፣ ያ ደበዘዘ ስል፣ አያትሽ እማማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ድምፅዋን አጥፍታ ተማረች። ፕሮግራም መጻፍ ማለቴ ነው። እስከ ዘጠነኛው ትምህርት ሁሉንም አልፋለች፤ እኔ አራተኛው ላይ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ኮምፒውተሩ ያውቃል። ካረፈች በኋላ ነው ከፍቼ ያየሁት። በሃሽ ምልክት (#) የሚጀምረውን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፣ ለሰው ማስታወሻ ነው ብለሽ አስተምረሽን የለ? እሷ በየትምህርቱ አንድ አንድ ጽፋለች። ሦስተኛው ላይ፦ «ሽማግሌው ገብቶኛል ይላል። አልገባውም።» ሰባተኛው ላይ፦ «አጠገቤ ያንኮራፋል። ገጹ ግን ደህና ነው።» ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አንድ አንዷን እየከፈትኩ ስሰደብ ከረምኩ። ማን ይህን በገዛ እጁ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል? ስለዚህ ጊዜ ለመግዛት ቁልፉን ወነጀልኩት። ምስኪን ቁልፍ።

አሁን ግን ጆሮሽን ስጪኝ፤ ይሄኛው እውነት ነው። ማክሰኞ በእሷ አካውንት አዲሱን ገጽ ከፈትኩ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ አለ። ጀምራ የተወችው አሥረኛው ባዶ ነው። ወደ አሮጌው ገጽ ስመለስ ግን እንዳለ አለ። እንባዬ ነው የጋረደኝ ብዬ ፊቴን ታጥቤ መጣሁ። ከዚያ በ«ሰነፉ» ገብቼ አሮጌው ላይ ግማሽ መልስ ጻፍኩ፣ ሳልልክ ወጣሁ፣ አዲሱን ከፈትኩ፤ የለም። በ«ችኩሉ» ደገምኩት፤ የለም። ትናንትም ዛሬም ደጋገምኩት። ተጨርሶ የተላከ መልስ ይሻገራል። ተጀምሮ የቀረ ወንዙ ይወስደዋል።

ስንት ሺህ ተማሪ አለሽ? ስንቱ ሥራ ውሎ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ግማሽ ጽፎ ነገ እመለስበታለሁ ብሎ የተኛ ነው? ሰኞ ገብቶ ባዶ ሲያገኘው ሁለተኛ አይመለስም። ነቀፌታውም የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው።

ዋሽቶ የተያዘ ሰው እውነት ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይህኛው ግን ከሰኞ ወዲያ ማደሪያ የለውም። ስለዚህ እኔን አትመኚ፤ ራስሽ ሞክሪው። ለአለቃሽም ቁልፉ የሽማግሌ ተንኮል እንደነበር ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሥራ ብባረር ምን እሆናለሁ?

ይህ ሰውዬ ይህንንም ያመጣው ለሚስቱ ብሎ ነው ካልሽ፣ አዎ፣ ለሚስቴም ብዬ ነው። እንከን ግን ማን ስላገኘው እንከንነቱ አይቀርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሶል እየጎተትኩ በኖርኩበት ጫማ ፋብሪካ አንድ ሕግ ነበረን፤ የተበላሸ ይጣላል፣ ያላለቀ አይጣልም። የሠራተኛውን ስም በጠመኔ ጽፈን መደርደሪያ ላይ እናቆየዋለን፤ ሰውየው ሲመለስ ከተወበት ይቀጥላል። ባይመለስም ማንም አያነሳበትም ነበር።

ስምንተኛውን አካውንት ከታች ጽፌልሻለሁ። ሕጉ ይሰረዝ ካለ ሰርዢው፤ አልቀየምሽም። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ላይ አሥረኛውን ትምህርት ክፈቺ፤ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አድርግ» የምትሉት ነው። ያን ቀን ትንሽ ደከመኝ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ተነሳች። በሃሹ መስመር ላይ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦

«ሽማግሌው ብቻውን ከቀረ፣»

ፈጣሪ የጀመርሽውን የምትጨርሺበት ዕድሜ ይስጥሽ። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ቁጭ አድርጎ የሚያጎርስሽ ሰው ይዘዝልሽ።

እንከን ለቃሚው አያትሽ

ስምንተኛው አካውንት፦ «እማማ»

ይቺን ረስቼ፦ ከዚያ መስመር በታች ምንም የለም። እኔም አልጨመርኩበትም። ሁለት ጊዜ ግን ጀምሬ አጥፍቻለሁ።