በካልሲ አጋዘን ያደኑት የአቶ አክሊሉ ወልደሰማያት የሕይወት ታሪክ

አቶ አክሊሉ ወልደሰማያት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማያት ገብረየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይንሸት ተሰማ ሚያዝያ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ባስልኤል ተወለደ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። ጽሑፉን ማን ያዘጋጀው በተባለ ጊዜ፣ የአደን ጓደኛቸው ተስፋጽዮን ቢጽፈው ይሻላል፣ የበረሃውን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ባስልኤል አልተስማማም። ሰው አብሮት ያደገ ወንድም እያለው የሕይወት ታሪኩን ሌላ ሰው ሊጽፍለት አይገባም።

አቶ አክሊሉ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዝምተኛ ነበሩ። ባስልኤል ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም ነበር፤ እናታቸው ወይዘሮ ወይንሸት፣ ታናሹ የሁለቱንም ድርሻ ያወራል ይሉ ነበር። አቶ አክሊሉ በ1974 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው ካርቱም ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ኦክላንድ ገቡ። መጀመሪያ ዳውንታውን ኦክላንድ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎም ለሃያ ዓመት ያህል በታክሲ ሹፌርነት፣ በመጨረሻም ፍሪሞንት በሚገኝ ፋብሪካ በዕቃ ጥራት ተቆጣጣሪነት ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ ሠርተዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀረገወይን ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ሶልያናን እና አሮንን አፍርተዋል።

በ1991 ዓ.ም. ባስልኤል ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ተቀብለው ሁለት ዓመት ቤታቸው አኑረውታል። መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ በገዛ መኪናቸው አስተምረውታል፤ ሁለት ጊዜ መብራት ጥሶባቸው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በእነዚያ ዓመታት በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል፣ ከወይዘሮ ሀረገወይንና ከልጆቹ በቀር፣ ማንም አልነበረም።

ቀስት ወደ አቶ አክሊሉ ሕይወት የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። አንድ ተሳፋሪ ረጅም ቦርሳ ታክሲያቸው ውስጥ ረስቶ ወረደ። ቦርሳው ላይ ስልክ ተጽፎ ስለነበር ደውለው ከኦክላንድ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የቀስት መለማመጃ ወሰዱለት። ሰውዬው ለውለታቸው አንድ ፍላጻ እንዲወረውሩ ጋበዛቸው። ፍላጻው ዒላማውን ስቶ ሣር ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት። ለቤተሰብ አልተናገሩም ነበርና ወይዘሮ ሀረገወይን የግራ ክንዳቸው በልዞ ባዩ ጊዜ ተደባድበው መስሏቸው ተጨንቀዋል። የቀስቱ ገመድ እየገረፋቸው መሆኑ የታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የአዳኝነት ትምህርት ተከታትለው፣ ፈተናውን አልፈው፣ በየዓመቱ ለኔቫዳ በረሃ የአጋዘን አደን ዕጣ መግባት ጀመሩ። ፈቃዱ አንዳንድ ዓመት ይወጣላቸው ነበር፣ አንዳንድ ዓመት አይወጣላቸውም። ደን ውስጥ ማደን ይቀላል ሲሏቸው አይሰሙም። በረሃው ሜዳ ነው፤ ከግራጫ ቁጥቋጦና ከድንጋይ በቀር መሸሸጊያ የለውም፤ አጋዘኑም ሰውን ከሩቅ ያያል። እሳቸው የወደዱት ይህንኑ ነው። ጠመንጃ ለምን አይዙም ተብለው ሲጠየቁ፣ “በጠመንጃማ የሚሄደው ጥይቱ ነው። እኔ ራሴ መሄድ ነው የምፈልገው” ብለው ነበር። ከእሳቸው አፍ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ ብዙ ጊዜ አልተሰማም።

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲወጣላቸው ይዘውት የሄዱት ወንድማቸውን ባስልኤልን ነው። ይህ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው እሱ ነበር።

የቀስት አደን የሚፈቀድበት ጊዜ ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች እየጾሙ አጋዘን ፍለጋ ወጡ። አቶ አክሊሉ በሶ ይዘው ነበር። ባስልኤል ቆሎ ይዞ ነበርና በመጀመሪያው ቀን ማለዳ፣ ሲያኝከው እስከ ተራራው ድረስ ይሰማል ተብሎ ቦርሳው ውስጥ እንዲተወው ተነገረው። አጋዘን ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። አዳኙ ከሩቅ በባይኖኩላር ያየዋል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያጠናል፣ ከዚያም ጫማውን አውልቆ በካልሲ ብቻ፣ አንድ እርምጃ ለመራመድ ደቂቃ እየወሰደ ይጠጋዋል። ጓደኛው ተረተሩ ላይ ቀርቶ አጋዘኑ ቢነሳ በእጁ ምልክት ይሰጣል። የጓደኛው ሥራ ይህ ብቻ ነው። ጫማውን መጠበቅ እና ዝም ማለት።

አቶ አክሊሉ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን አማክረው ነበር። በፍላጻ የወደቀ እንስሳ ሳይባረክ ከሞተ አይበላም የሚል ስጋት በቤቱ ስለነበር፣ ቀስቱን ሲለቁ በስመ አብ እንዲሉ ተነግሯቸዋል። በሦስተኛው ቀን አቶ አክሊሉ ሁለት ሰዓት ተኩል በካልሲ ተጉዘው፣ ቀንዱ ሰፊ ከሆነ ወንድ አጋዘን ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርበው ቀስቱን ሳቡ። ባስልኤል ከላይ ሆኖ በባይኖኩላር ያያል። የወንድሙ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አላየም። ረስተውታል፣ ይህ ሁሉ ድካም ሊበላ የማይችል ሥጋ ሆኖ ሊቀር ነው ብሎ ደነገጠ። ስለዚህ እሱ አለላቸው፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ ቆሞ፣ በሙሉ ድምፁ። በረሃ ውስጥ ድምፅን የሚያግድ ነገር የለም። ሦስቱን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ አጋዘኑ ሁለት ኮረብታ አልፎ ነበር።

አቶ አክሊሉ ተመልሰው ጫማቸውን አጠለቁ። ከካልሲያቸው ላይ እሾህ እየለቀሙ፣ “ባሴ፣ እኔም እኮ በሆዴ ብዬው ነበር” አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሱም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የአደን ጓደኛቸው ተስፋጽዮን ሆነ።

ተስፋጽዮን ካምቤል የሚኖር፣ በሆስፒታል የሕክምና ዕቃ የሚያጥብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋወቁት ሰው ነው። ባስልኤል የሚኖረው ሳን ሆዜ ነው። ኔቫዳ የሚገኘው በስተ ምሥራቅ ሆኖ ሳለ አቶ አክሊሉ ከኦክላንድ ተነስተው ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ነድተው፣ የወንድማቸውን የፍሪዌይ መውጫ አልፈው፣ ካምቤል ገብተው ተስፋጽዮንን ይዘው፣ በዚያው መውጫ በኩል እንደገና ይመለሱ ነበር። ባስልኤል ይህን ያወቀው በወይዘሮ ሀረገወይን በኩል ነው። ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ከዚያ መውጫ በላይ ያለውን ድልድይ ሲሻገር ወደ ታች እያየ ነው። ልሂድ ብሎ አልጠየቀም። እሳቸውም ና አላሉትም። እንዲህ ሆኖ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

በእነዚህ ዓመታት አቶ አክሊሉ አራት አጋዘን ጥለዋል። ባስልኤል ባለመኖሩ ይህን ክፍል ለመጻፍ ተስፋጽዮንን መጠየቅ ግድ ሆኗል። ስለ ገዛ ወንድም ሌላ ሰው መጠየቅ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ምን ሠራችሁ ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ የመለሰው ይህን ብቻ ነው፦ “ጋሼ ሹዙን ያወልቃል። እኔ ሹዙን ዋች አደርጋለሁ። ዛትስ ኢት፣ ባሴ።” ዝም ማለት ሙያ ከሆነ ሰውዬው ባለሙያ ነው። ብልት ማውጣት እንደሚችልም ሊካድ አይገባም። በዚያ ሙቀት አጋዘኑን ገፎ፣ በየብልቱ አውጥቶ፣ ከወንድማችን ጋር በጀርባ ተሸክሞ በረዶ ወደሞላው ኩለር አድርሷል።

ሥጋው ኦክላንድ ሲደርስ ፍልሰታ አላለቀም ነበርና ጋራዥ ያለው ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ይቆለፍ ነበር። ቤቱ በሙሉ አጠገቡ ይጾማል። ነሐሴ 16 ቀን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አሥራ አንድ ቤተሰብ ጋራዡ ውስጥ ይሰበሰብና ቅርጫው ይደለደላል። ወይዘሮ ሀረገወይን የአጋዘን ሥጋ ጮማ የለውም እያሉ ቅቤውን ሳይሰስቱ ነው የሚጠብሱት። ጥቁር ቀይ ነው፣ ጥርስ አያስቸግርም፣ ጥሩ አዋዜ ይወዳል። የተረፈው ዘልዘል ተደርጎ ጋራዡ ውስጥ ማራገቢያ ፊት ይሰቀልና ቋንጣው እስከ ገና ይደርሳል። አቶ አክሊሉ በዚያ ቀን ከቁርሱ ላይ ሰው እያጎረሱ ሲዞሩ ያያቸው ሰው ዝምተኛ ናቸው አይልም። አደኑን የወደዱት ለዚህ ቀን ይመስላል።

አጋዘን ግን እንደ በሬ አይደለም፤ ሽንጡ ለአሥራ አንድ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ሌላው እኩል ሲደለደል ሽንጡ አንዱ መደብ ላይ ሳይነካ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ያገኘውን ለዕጣ ይሰጣል፤ ሶልያና የማንን ዕቃ እንደያዘች ሳታውቅ በየመደቡ ላይ ታስቀምጣለች። ዕጣ ነውና ቅሬታ የለውም። ሆኖም በአራት አጋዘን ሽንጡ ለተስፋጽዮን ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ለባስልኤል አንድም ጊዜ አልወጣም። ሶልያና ይህ ረቂቅ እስከዚህ ድረስ ሲነበብላት፣ “አንክል ባሴ፣ ዚስ ኢዝ ሞር አባውት ዩ” ብላለች። እውነቷን ነው፤ ጽሑፉ ከአባቷ ይልቅ ስለ ባስልኤል ሆኗል። ለማስተካከል ግን ጊዜ የለም።

አቶ አክሊሉ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ባደረባቸው የቆሽት ዕጢ ሕመም ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። በዚያው ክረምት የአደን ፈቃዱ ወጣላቸው። ሐኪማቸው ከከበዳቸው እንዲመለሱ ነግረዋቸው ፈቀዱላቸው። ነሐሴ 8 ቀን በዚያ በረሃ አምስተኛውንና የመጨረሻውን አጋዘን በሠላሳ አምስት እርምጃ ጣሉ። ጫማቸውን አውልቀው አራት ሰዓት ሙሉ የተጓዙ ሲሆን፣ መመለሱ ስላቃታቸው ተስፋጽዮን ጫማቸውን ይዞላቸው ወረደ። ይህን ተስፋጽዮን አልተናገረም። ወይዘሮ ሀረገወይን ናቸው የተናገሩት።

ፍልሰታ ሲፈታ አቶ አክሊሉ ሆስፒታል ነበሩ። ቆሜ ካላየሁት ቅርጫ አይደረግም ስላሉ ፍሪዘሩ አልተከፈተም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ባስልኤል በየቀኑ አጠገባቸው ነበር። ያለ ማቋረጥ አወራላቸው። ስለ በረሃው ግን አንድም ቃል ሳያነሳ፣ እሳቸውም ሳያነሱ፣ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ሀረገወይን ለለቀስተኛው ሥጋ እንዲያወጣ ባስልኤልን ወደ ጋራዥ ላኩት። ሥጋው በየድርሻው በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ አሥራ አንድ ሆኖ ተቀምጧል። አቶ አክሊሉ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ዕጣ እንደማይጣል ያውቁ ኖሯል፤ በየጥቅሉ ላይ በገዛ እጃቸው የሰው ስም ጽፈዋል። ባስልኤል አሥራ አንዱንም አውጥቶ አንድ በአንድ አየ። ይህ የሚያሳፍር መሆኑን ያውቃል፤ ግን አየ። የተስፋጽዮን ላይ ተስፋጽዮን ይላል። የሌሎቹም ላይ ስማቸው ብቻ ነው። የመጨረሻው ረጅምና ቀጭን ጥቅል ነበር። እንዲህ ይላል፦

“ለባሴ። ሽንጡ። በስመ አብ ተብሏል፣ በሆዴ።”

ባስልኤል ጋራዡ ውስጥ በረዶው በእጁ እስኪቀልጥ ድረስ ቆየ። ሥጋው ከቀብር በኋላ ለሁላችሁም ይቀርባል። ሽንጡም ጭምር።

አቶ አክሊሉ ወልደሰማያት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀረገወይንን፣ ልጆቻቸውን ሶልያናንና አሮንን ትተው ሄደዋል። ወንድሞቻቸውንም ትተዋል፤ ባስልኤልን፣ እንዲሁም፣ ይህን ስም እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ ከሰረዘው በኋላ የጻፈው ባስልኤል ነው፣ አቶ ተስፋጽዮንን።

ጫማ ሳያስፈልጋቸው በቀስታ የሄዱትን ወንድማችንን እግዚአብሔር በደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሁን ካህናቱ ጸሎቱን ሲጀምሩ ሁላችሁም አብራችሁ በስመ አብ በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉት። ዛሬ የሚበረግግ አጋዘን የለም።